ብሎኗ የት ነበረች?

የካሴቱ ክር ቴፑ ሆድ ውስጥ ተጠምጥሞ ከቀረ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ኪዳን በመርፌ ጫፍ እየነካካ፣ ትንፋሹን እየዋጠ የመጨረሻውን ስንዝር ሲያወጣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር።

"ተበጠሰ?" አሉ መሪጌታ ታፈረ። ከበርጩማው አልተነሱም፤ መቋሚያቸውን ግን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።

"አልተበጠሰም፣ የኔታ። አንድ ቦታ ላይ ታጥፏል እንጂ።"

"የት ላይ?"

"መጀመሪያው ላይ። ደጋግመን ከተመላለስንበት እጥፋቱ ላይ ይበጠሳል። ጥቂት ጊዜ ግን ይችላል።"

"ጥቂት" አሉ መሪጌታ፣ ለራሳቸው።

ክሩ ላይ ያለው የየኔታ ፈንታው ድምፅ ነው። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት አንድ የግብርና ሠራተኛ በዚህ አገር ሲያልፍ ቴፕ ይዞ ነበርና፣ ከኮሶ አምባ ሚካኤል ደጀ ሰላም ተቀምጦ አንድ ረጅም የዕዝል ዜማ ቀዳቸው። በዓመቱ የኔታ ፈንታው አረፉ። ሌላ ቅጂ የለም። የቀዳው ሰው ካሴቱንም ቴፑንም ታፈረ ለሚባል ደቀ መዝሙራቸው ትቶለት ሄደ። ያ ደቀ መዝሙር ዛሬ የስልሳ ሁለት ዓመት መሪጌታ ናቸው፤ ኪዳን ከሚኖርባት ከአርብ ገበያ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በምትርቀው በዚያችው ደብር ሠላሳ ያህል ተማሪ ያስተምራሉ።

ቴፑን ንፋስ መውጫ ከተማ ድረስ ወስደውት ነበር። ጠጋኙ ከፍቶ አየና ሳቀ። "አባቴ፣ የዚህ ዘመን አልፏል። ክሩን በመቀስ ላውጣልዎና ፍላሽ ይግዙ" አላቸው። መሪጌታ ቴፑን በጋቢያቸው ጠቅልለው በመጡበት ሚኒባስ ተመለሱ።

ወደ ኪዳን ያመጧቸው እህታቸው እትዬ ተዋበች ናቸው። ኪዳን የተከራየው ከእሳቸው ግቢ ነው። የወረዳው የመስኖ ባለሙያ ነው፤ ኤሌክትሮኒክስ የጀመረው ከስምንት ወር ወዲህ፣ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ነው። መጀመሪያ ያቃጠለው የራሱን ቻርጀር ነበር። ቀጥሎ የእትዬ ተዋበችን ሬዲዮ ነካካና፣ ሬዲዮው ዝናብ እንደሚወርድበት ቆርቆሮ ከማንሿሿት በቀር ሌላ ነገር የማይናገር ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ግን የጎረቤት የፀሐይ መብራት ሁለት ጠግኗል፤ የቤተ ክርስቲያን የእጅ ድምፅ ማጉያም አስጩኋል። እትዬ ተዋበች ለወንድማቸው የነገሯቸው ስለ ማጉያው ብቻ ነው።

ኪዳን አንድ ደብተር አለው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ የጻፈው፣ የቪዲዮው ሰው በየትምህርቱ የሚደጋግመውን ነው፦ "ከመፍታትህ በፊት ሣል። ከማዞርህ በፊት ምልክት አድርግ።"

አሁን በጥጥ የሞተሩን ዙሪያ ጠረገና ጥጡን አሸተተው።

"የኔታ፣ እዚህ ውስጥ ዘይት ገብቷል?"

መሪጌታ መሬት መሬት አዩ። "መዘውሩ ሲጮህብኝ ጊዜ… ቅባ ኑግ ጠብ አደረግሁበት።"

"አንድ ጊዜ?"

"በየበዓሉ።"

በሩ ላይ ተቀምጠው ባቄላ የሚለቅሙት እትዬ ተዋበች ሳቃቸው አመለጣቸው። "ኧረ ጋሼ! ይህ ሁሉ ኑግ ወጥ ቢሠራበት ጾሙን አጋምሰን ነበር እኮ!"

"ዝም በይ አንቺ። እንዲያ ሲጮህ የኔታ የታመሙ ነበር የሚመስለኝ።"

ኑጉ ሞተሩን ከመዘውሩ የሚያገናኘውን የጎማ ቀበቶ አቅልጦ ቅጥራን አስመስሎታል። ኪዳን ከጤና ጣቢያ በለመነው አልኮል አንድ ሰዓት ሙሉ ጠረገው። ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ካላማዳሪያ ቀጭን ቀለበት በምላጭ ቆረጠና በቀበቶው ቦታ አስገባ። ትናንት ከገበያ የገዛቸውን አዳዲስ የባትሪ ድንጋዮች ከተተ። የየኔታን ካሴት ግን አላስገባም፤ ይህን ያህልስ ተምሯል። የእትዬ ተዋበችን የድሮ የሠርግ ዘፈን ካሴት ለመነና መሞከሪያ አደረገው።

ዘፋኙ እንደ ሰካራም እየጎተተ መጣ።

ኪዳን ደነገጠ፣ ወዲያው ግን አስታወሰ። ከሞተሩ ጀርባ ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ ከውስጧም የጤፍ ፍሬ ብትበልጥ ትንሽ የምትበልጥ ብሎን፤ የሞተሩን ፍጥነት የምትወስነው እሷ ናት። ቀጭኗን ካቻቢቴ ሰደደና ወደ ቀኝ አዞራት። ዘፈኑ ተነሣ። ትንሽ ጨመረ፤ ዘፈኑ ደመቀ።

"አሁን ሞቀ!" አሉ እትዬ ተዋበች ትከሻቸውን እየነቀነቁ። "እንዲህ ነበር የተዳርኩበት!"

ኪዳን ፈገግ ብሎ ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ከዚያ የየኔታን ካሴት አስገባ። ስልኩን እንዲቀዳ ከድምፅ ማውጫው አጠገብ አቆመና ቁልፏን ተጫነ። ሦስት ጊዜ ጓ፣ ጓ፣ ጓ የሚል ነገር ተሰማ፤ አንዳች ነገር የተሰበረ መስሎት እጁን ሊሰድ ሲል ድምፁ መጣ። ከፍ ያለ፣ ቀለል ያለ፣ ፈጠን ያለ የሽማግሌ ድምፅ ነበር። መሪጌታ ግንባራቸውን መቋሚያው ላይ አስደገፉ። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ አልተንቀሳቀሱም። እንባቸው በመቋሚያው እንጨት ላይ ሲወርድ ኪዳን አየና ዓይኑን መለሰ። በዚህ አገር በሠራው ሥራ ሰው ሲያለቅስለት የመጀመሪያው ነው፤ ደረቱ ሞላ።

ዜማው ሲያልቅ ግን መሪጌታ ቀና ያሉበት ፊት የደስታ አልነበረም።

"ለካስ እኔ ነኝ" አሉ።

"ምን አሉኝ?"

"ዕዝሉን አክብጄዋለሁ። ዝቅ አድርጌ፣ ጎትቼ ነው የማስተምረው። የኔታ ግን ሰማሃቸው፣ እንዴት ከፍ አድርገው እንዳቀለሉት። ሠላሳ ዓመት! የስንቱን ልጅ አፍ አበላሸሁ!"

"ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ከአፋቸው ነው የተማሩት" አሉ እትዬ ተዋበች።

"ደቀ መዝሙር ይረሳል። ድምፅም ከዕድሜ ጋር ይወርዳል። እሳቸውን ተጠራጥሬ ራሴን ልመን?" ወደ ኪዳን ዞሩ። "ልጄ፣ ይኼ ማሽን ይዋሻል እንዴ?"

"አይዋሽም" አለ ኪዳን። ምላሱ ቀደመው።

"እንግዲያስ በስልክህ የቀዳኸውን ላክልኝ። ያስተማርኳቸው ሁሉ በቴሌግራም አንድ ላይ አሉ፤ ስልሳ አራት ናቸው። አንዱዓለም ደብረ ታቦር ያስተምራል፣ ሌላውም በየአገሩ። መሪጌታ ታፈረ ያስተማሯችሁን ተዉት፣ ይህን ያዙ በልልኝ። አሁን ያሉኝንም ተማሪዎች ከሰኞ ጀምሮ እንደ አዲስ አስጀምራቸዋለሁ።"

ኪዳን በመሪጌታ ስልክ ራሱን ቡድኑ ውስጥ አስገባና በራሱ ስልክ ከፈተው። ፋይሉን መረጠ። አውራ ጣቱ መላኪያዋ ላይ ሳለ ዓይኑ ካቻቢቴው ላይ ዐረፈ።

ሞቀ። እትዬ ተዋበች ሞቀ ብለው ነበር። እሱም ዘፈኑ ለጆሮው እስኪጥመው ነው ያዞረው። ምን ያህል? ሩብ ዙር? ግማሽ? ከማዞሩ በፊትስ ብሎኗ የት ነበረች? ደብተሩ እዚያው ተዘግቶ ተቀምጧል።

ዝም ቢልስ? የሚያውቅ የለም። ሽማግሌው ያለቀሱት ከልባቸው ነው። ቢናገር ደግሞ ሬዲዮ አበላሺው ኪዳን ይሆናል፤ ይህም በሚቀጥለው ዓርብ ገበያው ሁሉ የሚያወራው ነው። እንዲህ እያሰበ ቁጥሩን እንደገና አየው። ስልሳ አራት። እያንዳንዳቸው ደግሞ ስንት ተማሪ አላቸው?

ጣቱን አነሣ።

"የኔታ፣ ይዋሻል።"

"ምኑ?"

"ማሽኑ። ያዋሸሁት ግን እኔ ነኝ። ፍጥነቱን የምትወስን ብሎን አለች፤ ለዘፈኑ ብዬ አዞርኳት። ሲፈጥን ድምፅም አብሮ ይወጣል። የሰሙት የየኔታ ፈንታው ልክ ላይሆን ይችላል።"

እትዬ ተዋበች ባቄላውን መልቀም አቆሙ። መሪጌታ ቀስ ብለው ተነሡ። ረጅም ናቸው፤ ጣራው ሊነካቸው ምንም አልቀረው።

"አሁን፣ አይዋሽም አላልከኝም?"

"ብያለሁ። አጥፍቻለሁ።"

"እንግዲያስ ወደነበረችበት መልሳት።"

"የት እንደነበረች አላውቅም። ምልክት አላደረግሁባትም።"

መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሡና መልሰው ተከሉት።

ኪዳን ካቻቢቴውን አነሣ። "እርስዎ እንደሚያስተምሩት ያዚሙልኝ። ብሎኗን በእርስዎ ድምፅ ልክ ላቁማት።"

"ይኸው ተገኘ!" አሉ እትዬ ተዋበች።

"ምን ተገኘ?" መሪጌታ ተቆጡ። "ተከሳሹ እኔ፣ ምስክሩም እኔ? እኔን የሚያርመኝን ድምፅ በእኔ አፍ ካቃናኸው ካሴቱ ምን ይረባል? ቤቴ ተቀምጬ ራሴን ብሰማ ይሻለኝ ነበር!"

ኪዳን ወደ ስልኩ ዞረ። እጁ ሥራ ሲፈልግ የስልኩን ቅጂ ከመጀመሪያው ከፈተው። ጓ፣ ጓ፣ ጓ። ዘጋው። እንደገና ከፈተው።

"የኔታ፣ ይህ ከመጀመሪያው ያለው ምንድን ነው?"

"ደወል ነዋ። የሠርክ ጸሎት መጥሪያ የድንጋይ ደወል። ቅጂው የተጀመረው ልክ ትልቁ ድንጋይ ሲመታ ነበር።"

"ድንጋዩ አሁን አለ?"

"የት ይሄዳል? ትንሹ ወድቆ ተሰብሮ ተለውጧል። ትልቁ ግን አያቶቻችን የሰቀሉት ነው፣ ማንም አልነካውም።"

"ድንጋይ በዕድሜ ድምፁ አይወርድም" አለ ኪዳን። "ቴፑ ላይ ያለው ደወል ከድንጋዩ ደወል ጋር እኩል እስኪሆን ብሎኗን ካዞርን፣ ከደወሉ ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅም ልኩን ነው። እኔም እርስዎም አንመሰክርም። ድንጋዩ ነው የሚመሰክረው።"

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደገፉ። ከዚያ ጋቢያቸውን አወለቁና ቴፑን ይጠቀልሉበት ጀመር።

ኮሶ አምባ ሚካኤል ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ገብሱ ቢጫ ሆኖ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል። ሁለቱ ድንጋዮች ከቅጥሩ ውጭ ከአንድ የወይራ ቅርንጫፍ በጠፍር ተንጠልጥለዋል፤ ትልቁ የሰው ቁመት ግማሽ ያህል፣ እንደ ጠፍጣፋ ጋሻ ያለ ጥቁር ድንጋይ ነው። ኪዳን ከመሬት ጠጠር ሊያነሣ ሲያጎነብስ ቄሰ ገበዝ ጣሰው ከደጀ ሰላሙ ጮኹበት።

"እንዳትነካው!"

መሪጌታ ነገሩን አስረዷቸው። ቄሰ ገበዝ እስከ መጨረሻው ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"መሪጌታ፣ እርስዎ ያውቁታል። ያለ ሰዓቱ ድንጋይ ከተመታ አገሩ ሰው ሞተ፣ እሳት ተነሣ ብሎ ይወጣል። አምና አንድ ተማሪ በቀልድ ቢመታው ሰዉ አጨዳውን ጥሎ፣ ገብሱን ለከብት ትቶ መጣ። ደወል መዋሸት የለበትም።"

"አንድ ጊዜ ብቻ፣ አባ" አለ ኪዳን።

"በሠርክ እመታለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ሦስት ነው፣ አራተኛ የለውም። ከያዝከው ያዘው።"

ሁለት ሰዓት ጠበቁ። ኪዳን ስልኩ ላይ ድምፅ እየቀዳ ቅጥነቱንና ውፍረቱን በቁጥር የሚያሳይ መተግበሪያ አለው፤ ለሌላ ነገር ያወረደው ነው። የስልኩ ባትሪ አሥራ አራት በመቶ ይላል። ነፋሱ አልበረደም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቄሰ ገበዝ ድቡልቡሉን ድንጋይ አነሡ። ኪዳን ስልኩን አስጠጋ።

የመጀመሪያው ምት። ነፋስ ስልኩ ላይ ገረፈ፤ ቁጥሩ ከሁለት መቶ ወደ ስድስት መቶ ዘለለና ጠፋ።

ሁለተኛው ምት። ከመንገዱ አህያ አናፋ። ቁጥሩ ተንጫጫ።

"አባ፣ አንዴ ይቆዩኝ!"

ቄሰ ገበዝ አልቆዩም። ሰዓቱ ሰዓት ነው፤ እጃቸው ተነሥቷል። ያን ጊዜ መሪጌታ ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ስልኩንም ኪዳንንም የድንጋዩንም ጎን እንደ ድንኳን ከለሉ። ከጋቢው ውስጥ ነፋሱ ቀጥ አለ።

ሦስተኛው ምት።

አራት መቶ አሥራ ሁለት። ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም። ድንጋዩ እያንጎራጎረ እስኪያበቃ አራት መቶ አሥራ ሁለት።

ኪዳን የሠርኩን ጸሎት ቆሞ ሲሰማ ከንፈሩ ላይ የነበረው ያ ቁጥር ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለው። ጸሎቱ ሲያልቅ ከቅጥሩ ሥር፣ ፀሐይ ገና ባልለቀቀችበት ቦታ ተቀመጡ። ቄሰ ገበዝና ጥቂት ምእመናን ከበቧቸው። ኪዳን ክሩን እንዳያስጨንቀው በእርሳስ እያዞረ ወደ መጀመሪያው መለሰው። በዚህ ጊዜ አልረሳም፤ ከብሎኗ አጠገብ በመርፌ ጫረና ምልክት አደረገ።

ከፈተው። የቴፑ ደወል አራት መቶ አርባ ስምንት አለ። ከድንጋዩ በጣም ይበልጣል።

ወደ ግራ አዞረ፣ ጫረ፣ በእርሳስ መለሰ፣ ከፈተ። አራት መቶ ሃያ አምስት።

አሁንም ወደ ግራ። ጫረ፣ መለሰ፣ ከፈተ። አራት መቶ ዘጠኝ።

አልፎታል። ክሩን አውጥቶ አየው። እጥፋቱ ከጠርዙ ተቀዶ መሐሉ ድረስ ደርሷል።

"ስንት ጊዜ ይችላል?" አሉ መሪጌታ።

"አንድ።"

ደግሞ መሞከር የለም፤ ብሎኗን አቁሞ፣ ሙሉውን ዜማ በዚያው ማለፊያ መቅዳት ብቻ ነው የቀረው። ኪዳን በመርፌ የጫራቸውን መስመሮች ተመለከተ። ሃያ አምስት እዚህ፣ ዘጠኝ እዚህ። አሥራ ሁለት በመካከላቸው ነው፣ ከዘጠኙ ትንሽ ብቻ ይርቃል፣ የመካከላቸው ርቀት አንድ አምስተኛ ያህል። ካቻቢቴዋን በሁለት ጣቱ ይዞ የፀጉር ያህል ወደ ቀኝ መለሳት። ላቡ ከቅንድቡ ላይ ወረደ፤ አልጠረገውም። የመተግበሪያውን መቅጃ ከፈተና የቴፑን ቁልፍ ተጫነ።

ጓ፣ ጓ፣ ጓ።

አራት መቶ አሥራ ሁለት።

ከዚያም የኔታ ፈንታው መጡ። ድምፃቸው ከባድ ነበር፣ ዝቅ ያለ፣ እንደ ሞፈር መሬቱን ይዞ የሚሄድ። የመሪጌታ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ። ድምፅ አላወጡም፤ ግን አብረው ሄዱ፣ አብረው ወጡ፣ አብረው ወረዱ። ቄሰ ገበዝ ኪዳንን በዓይናቸው ጠቀሱት። መሪጌታ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩት እንዳለ፣ ከነክብደቱ እዚያ ነበር።

ወደ መጨረሻው አካባቢ ግን መሪጌታ አንድ ቦታ ላይ አፋቸውን ገጠሙ፣ የቴፑ ድምፅ ግን አላቆመም። የኔታ ፈንታው ያችን አንዲት ቃል ይዘው ቆዩ፣ ቆዩ፣ ቆዩና ነው የለቀቁት። መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ።

ዜማው አለቀ። ኪዳን ቴፑን ዘጋና ካሴቱን እንደ እንቁላል አውጥቶ በእጃቸው ላይ አኖረላቸው።

"ያቺ የኔ ናት" አሉ መሪጌታ።

"ምኗ?" አሉ ቄሰ ገበዝ።

"ያቺ መጨረሻው አጠገብ ያለችው። የኔታ ይቆያሉ፣ እኔ እቸኩላለሁ። የተሳሳትኩት ያችን ነው።" ፊታቸው ላይ ነፃ የወጣ ሰው ፈገግታ ታየ። "ያችን ብቻ። አሁን ላከው፣ ልጄ።"

ባትሪው አምስት በመቶ ይላል። ኪዳን ሁለት ፋይል ላከ፤ አስቀድሞ ዛሬ የተመታውን ሦስተኛ ምት፣ ቀጥሎ ዜማውን። ከሥሩም "መጀመሪያ ደወሉን ስሙ፤ በቴፑ ላይ ካለው ጋር እኩል መሆኑን በየራሳችሁ ጆሮ አረጋግጡ" ብሎ ጻፈ። መላኩን የምታሳየው ምልክት ስትመጣ ስልኩ ጠፋ።

ደብተሩን አውጥቶ በመርፌ የጫራቸውን መስመሮች ከነቁጥራቸው ሣላቸው።

መሪጌታ እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ሸኙት። በመንገዱ ሁሉ ያችን አንዲት ቃል ይዘው ይሞክራሉ፤ ትንፋሻቸው ሳይደርስ ያልቅና ያስላቸዋል፣ ይቆማሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ኪዳን ለቀረው ጥገና የሚወስደውን ቴፕ ተሸክሞ ከኋላ ከኋላ፣ በእሳቸው ልክ ቀስ እያለ ተከተላቸው።